ስሙ ያልተለመደ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ጎማ ሲመረጥ፦ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ አካባቢ ለሚንቀሳቀሱ የተሽከርካሪ ባለንብረቶች የቀረበ መረጃ

በየካ ክፍለ ከተማ ተሽከርካሪ ያለው ነዋሪ፣ የታክሲ ባለንብረትም ይሁን የቤት መኪና የሚያሽከረክር፣ ጎማ ለመለወጥ ሲነሣ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው ስሙ በዓለም የታወቀ፣ ዋጋውም እንደ ስሙ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው መጠኑ ያው፣ መልኩም ተመሳሳይ ሆኖ፣ ገዢው ከዚያ ቀን በፊት ስሙን ሰምቶት የማያውቅ፣ ዋጋው ግን በእጅጉ ዝቅ ያለ ጎማ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች በብር ሲተመኑ ዋጋቸው በመጨመሩ፣ ሁለተኛውን መምረጥ ለብዙ ቤተሰብ የፍላጎት ሳይሆን የአቅም ጉዳይ ሆኗል።

የጎማው ስም አለመታወቁ ብቻውን ጎማውን መጥፎ አያደርገውም። መታወቁም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ስመ ጥር የሆነ ነገር ግን ስምንት ዓመት በመጋዘን የቆየ ጎማ፣ ስሙ ካልታወቀ የዘንድሮ ጎማ የከፋ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በላቲን ፊደልና በቁጥር የተጻፈ በመሆኑ ብዙ ገዢዎች ሳያነቡት ያልፋሉ። ይህ መረጃ በዋናነት ያንን ጽሑፍ እንዴት ማንበብ እንደሚቻልና የአካባቢው መንገድ ከጎማ ምን እንደሚፈልግ ያብራራል።

የአካባቢው መንገድ ጠባይ

የአዲስ አበባ መሀል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው የእንጦጦ ሸንተረር 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የየካ ክፍለ ከተማ ሰፊ ክፍል በዚህ ተዳፋት ላይ የተዘረጋ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ጉራራና ወደ እንጦጦ አቅጣጫ የሚወጡት፣ ከኮተቤ ወደ ካራ የሚያመራው፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳሉት ሰፈሮች የሚገቡት መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቀድሞ ወደ ተራራው ወጥተው የማያውቁ አነስተኛ የቤት መኪኖችም ቤተሰብ ጭነው ዳገቱን ይወጣሉ፤ አመሻሽ ላይም ቁልቁለቱን ይወርዳሉ።

በክረምት ወራት በዚህ አካባቢ ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ። ዝናቡ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጎርፍ ይዞ ይመጣል፤ ጎርፉም ጭቃና ጠጠር አስፋልት ላይ ያራግፋል። የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የተነጠፉበት ኮብልስቶን በብዙ እግርና ጎማ ተወልውሎ ከለሰለሰ በኋላ ሲርስ ያንሸራትታል። በእንጦጦ በኩል ከባሕር ዛፍ የሚረግፈው ቅጠልም በእርጥብ አስፋልት ላይ ሲጣበቅ የጎማውን ጥርስ ከመንገዱ ይለያል። ጠዋትና ማታ የሚወርደው ጉም ደግሞ አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ዘግይቶ እንዲያይ ያደርገዋል።

ቁልቁለት ደካማ ጎማን ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ቀላል ስሌት ያሳያል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሜዳማና እርጥብ አስፋልት ላይ፣ በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.6 ቢሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ 16 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። ጎማው በማርጀቱ ወይም በጥራቱ ማነስ ሰበቃው ወደ 0.4 ቢወርድ ርቀቱ ወደ 25 ሜትር ይጠጋል። ይኸው ስሌት በመቶ ሜትር 8 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ሲሠራ የመጀመሪያው 19 ሜትር፣ ሁለተኛው 31 ሜትር ይሆናል። በሜዳ ላይ ከ9 ሜትር ያነሰ የነበረው ልዩነት በቁልቁለት ወደ 12 ሜትር ከፍ ማለቱን ልብ ይሏል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የምታልፈው አንዲት ሰከንድ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባችም፤ እርሷ ብቻዋን 14 ሜትር ትወስዳለች።

ለየትኛው ወቅት የተሠራ ጎማ ነው የሚያስፈልገው?

የጎማ አምራቾች የመኪና ጎማን በሦስት ይከፍላሉ፦ የበጋ፣ የበረዶ ወቅትና ለሁሉም ወቅት የሚሆን፣ ነጋዴዎች ኦል ሲዝን የሚሉት። ክፍፍሉ የተወለደው በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ነው፤ «በጋ» እና «ክረምት» የሚሉት ቃላትም ከእኛ ወራት ጋር አይገጥሙም። የአውሮፓ የክረምት ጎማ ለዝናብ ሳይሆን ለብርድና ለበረዶ የተሠራ ነው። ላስቲኩ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ እንዲሆን ተደርጓል። አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ሞቃት ነው። በዚህ አየር ለስላሳው ላስቲክ ቶሎ ያልቃል፤ በደረቅ አስፋልትም የማቆሚያ ርቀቱ ይረዝማል። ስለዚህ «የክረምት ጎማ ስለሆነ ለሐምሌና ለነሐሴ ተስማሚ ነው» የሚለው የአንዳንድ ሻጮች አነጋገር ከትርጉም ስህተት የመነጨ ነው።

የበረዶ ጎማ የሚለየው በጎኑ ላይ በተቀረጸው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ ባለው የበረዶ ቅርጽ ነው። ምልክቱ የሚሰጠው ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። አንዳንድ የሁሉም ወቅት ጎማዎችም ይህን ምልክት ስለሚይዙ፣ ምልክቱ ሲታይ ጎማው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሻጩን በግልጽ መጠየቅ ያሻል። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ግን ጭቃና በረዶ ለማለት አምራቹ ራሱ የሚያትመው ነው፤ ከጥርሱ ቅርጽ በስተቀር በጀርባው የፈተና ውጤት የለም። ጽሑፉ መኖሩ ባይጎዳም ለእርሱ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

በየካና በእንጦጦ ለሚንቀሳቀስ የቤት መኪና የሚያዋጣው፣ በእርጥብ መንገድ ጥሩ የማቆም አቅም ያለው የሁሉም ወቅት ወይም የበጋ ጎማ ነው። በጥርሱ ላይ ዙሪያውን የሚሄዱ ሰፋፊ ቦዮች ሊኖሩት ይገባል፤ ውኃን ከጎማው ሥር የሚያስወጡት እነርሱ ናቸውና።

የጎማው ጎን ምን ይናገራል?

ለምሳሌ 195/65 አር 15 91 ኤች የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 195 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ፣ አር የውስጡ አሠራር ራዲያል መሆኑን፣ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ገዢዎች እስከዚህ ድረስ ያለውን ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው 91 የሚለው የጭነት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ይገልጻል። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ኤች 210፣ ቲ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። የጭነት ቁጥሩ ከመኪናው መመሪያ በታች መውረድ የለበትም። በፍጥነት ፊደሉም መመሪያው የጠየቀውን ማሟላት በቂ ነው፤ ከዚያ ለላቀ ፊደል ተጨማሪ መክፈል ለከተማ አሽከርካሪ ጥቅሙ እምብዛም ነው።

ለሚኒባስ ታክሲ ባለንብረቶች ይህ ነጥብ የበለጠ ይመለከታቸዋል። የሚኒባስ ጎማ ከቸርኬው መጠን ቀጥሎ ሲ የሚል ፊደል አለው፤ የንግድ ተሽከርካሪ ጎማ መሆኑን ያመለክታል። 195 አር 15 ሲ 106/104 አር የሚል ጎማ በነጠላ ሲገጠም 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ቸርኬው ላይ በልክ ስለገባ ብቻ የቤት መኪና ጎማ በሚኒባስ ላይ መግጠም፣ ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ከካራ ቁልቁል ሲወርድ ጎማው ከአቅሙ በላይ እንዲሞቅና እንዲፈነዳ ምክንያት ይሆናል። የዋጋው ልዩነት ለዚህ አያበቃም።

ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ በከተማዋ የበረከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ ተመሳሳይ ስፋት ካለው የነዳጅ መኪና ይከብዳሉ፤ ሞተራቸውም ገና ሲነሣ ኃይሉን በሙሉ ለጎማው ስለሚሰጥ ጥርሱን ቶሎ ይበላል። ለእነዚህ መኪኖች አምራቹ ኤክስ ኤል የሚል ተጨማሪ ጭነት የሚችል ጎማ አዝዞ ከሆነ፣ ያለዚህ ምልክት የሚሸጠውን ርካሽ ጎማ መግጠም አይገባም።

በብዙ የቤት መኪና ጎማዎች ላይ ደግሞ የአሜሪካ የደረጃ ሥርዓት የሚጠይቃቸው ሦስት መረጃዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የጥርስ ዕድሜ ቁጥር ነው፤ 400 የተባለ ጎማ 100 ከተባለው መነሻ ጎማ አራት እጥፍ ይቆያል ተብሎ ይገመታል። ሁለተኛው በእርጥብ መንገድ የማቆም ደረጃ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላል። ሦስተኛው ሙቀት የመቋቋም ደረጃ ሲሆን ከኤ እስከ ሲ ይሄዳል። ደረጃዎቹን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ በመሆኑ የአንዱን ኩባንያ የዕድሜ ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር ብዙ አያስተማምንም። ሆኖም የዕድሜ ቁጥሩ በጣም ከፍ ብሎ የእርጥብ መንገዱ ደረጃ ቢ ወይም ሲ የሆነ ጎማ ላስቲኩ ጠንካራ መሆኑን ይጠቁማል። ለሜዳማ ከተማ ይህ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ለፈረንሳይና ለእንጦጦ ቁልቁለት ግን በእርጥብ መንገድ ደረጃው ቢያንስ ኤ የሆነውን መምረጥ ይመከራል። ይህ መረጃ በበረዶ ጎማና በሚኒባስ ጎማ ላይ አይገኝም፤ አለመኖሩ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

በክብ ውስጥ የተጻፈ ኢ ፊደልና ቁጥርም ሊታይ ይችላል። ይህ ጎማው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተሽከርካሪ ደንቦች መሠረት መጽደቁን ያሳያል። ቁጥሩ ማጽደቂያውን የሰጠውን አገር እንጂ ጎማው የተመረተበትን አገር አይገልጽም፤ 4 ቁጥር ለምሳሌ ኔዘርላንድስ ናት። «ኢ 4 ስለሚል የአውሮፓ ዕቃ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም የተመረተበት አገር በጎማው ላይ ለብቻው የተጻፈ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ስሙ ላልተለመደ ጎማ ይህ ምልክት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ በገለልተኛ አካል ፊት መቅረቡን ያስረዳልና።

የተመረተበት ቀንና የዘመን አቆጣጠር ልዩነት

ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ጋር ተያይዞ የሚመጣው ጽሑፍ በአራት አኃዝ ያበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታሉ። ዓመቱ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ኢትዮጵያዊውን ገዢ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በ2018 ዓ.ም. ወደ ጎማ ተራ ወይም ወደ መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ መደብር የሚሄድ ሰው 3018 የሚል ቢያነብ፣ የዘንድሮ ጎማ ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ቁጥሩ ግን የ2018 እ.ኤ.አ. 30ኛ ሳምንት፣ ማለትም ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ጎማው ሰባትና ስምንት ዓመት አሳልፏል ማለት ነው። በአንጻሩ 2323 የሚለው ቁጥር በ2015 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ የተመረተ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ላይ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ያስፈልጋል።

ላስቲክ ባይሠራበትም ያረጃል። ብዙ መኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ የጎማ አምራቾች ደግሞ ጥርሱ ቢተርፍም ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይሄድ ያሳስባሉ። በደጅ ተደርድሮ ለፀሐይ የተጋለጠ ጎማ ከዚያም ፈጥኖ ይደርቃል። ጎኑ ሲታጠፍ የጸጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቅ የሚታይበት ጎማ፣ ጥርሱ ምንም ያህል ሙሉ ቢሆን መገዛት የለበትም። የአራቱን ጎማዎች ቁጥር አንድ በአንድ ማየትም ይገባል፤ ሦስት አዲስ መሐል አንድ አሮጌ ተቀላቅሎ ሊሸጥ ይችላል። ቁጥሩ የሚቀረጸው በአንድ በኩል ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጎማው ቸርኬ ላይ ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም ጎን ማየት ይሻላል።

ስለ ስሙና ስለ ዋጋው

ገዢው የማያውቀው ስም ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። ትልልቅ ኩባንያዎች ዝቅተኛ ዋጋ ላለው ገበያ ሌላ ስም ያወጣሉ፤ ላውፈን የሃንኩክ፣ ቲጋርና ሪከን የሚሽሊን፣ ባሩም የኮንቲኔንታል ነው። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ጎማ ሲያመርት የቆየው የአሁኑ ሆራይዘን አዲስ ጎማ ፋብሪካ በአንድ ወቅት ስሙን የተጋራው ማታዶርም ዛሬ በኮንቲኔንታል ሥር የሚገኝ የስሎቫኪያ ስም ነው። እንዲህ ያለ ዝምድና የጎማውን ጥራት በራሱ ባያረጋግጥም ቅሬታ ቢነሣ ተጠያቂ ድርጅት እንዳለ ያሳያል። ዝምድና የሌለው ስም ሲያጋጥም አስመጪው ማን እንደሆነ፣ ዋስትና ይሰጥ እንደሆነና ያው ጎማ ከስድስት ወር በኋላ ሊገኝ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ነው። አንድ ጎማ ቢቀደድ ጥንዱን ማግኘት ካልተቻለ ሁለት መግዛት ግድ ይሆናል።

ዋጋን በኪሎ ሜትር ማስላት ይጠቅማል። ለማሳያ ያህል፣ በ10,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 20 ሳንቲም አስከፍሏል። በ6,000 ብር ተገዝቶ በ25,000 ኪሎ ሜትር ያለቀው 24 ሳንቲም ወስዷል፤ የጎሚስታው ሁለተኛ ክፍያ ሳይቆጠር። በተቃራኒው በዓመት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚሄድ የቤት መኪና ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ስለሚያረጅ፣ ደረጃውን ያሟላ ርካሽ ጎማ ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ ጎማ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። የውስጥ ጉዳቱ ከውጭ አይታይም። ጥርሱ በእጅ እንደገና የተቀረጸ የቤት መኪና ጎማ ደግሞ ከሥሩ ያለውን የሽቦ ንጣፍ የሚጠብቀውን ላስቲክ ያጣ ስለሆነ በማንኛውም ዋጋ ሊገዛ አይገባም።

ግዢውና ቅሬታው

ደረሰኝ መቀበል የሸማቹ መብት፣ መስጠትም የነጋዴው ግዴታ ነው። በደረሰኙ ላይ «ጎማ 4» ብቻ ከሚጻፍ የጎማው ስም፣ መጠንና ከተቻለ ባለ አራት አኃዙ ቁጥር ቢሰፍር በኋላ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆናል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። መብቱ በጊዜ የተገደበ ስለሆነ እብጠት፣ መሰንጠቅ ወይም በባላንስ የማይስተካከል ንዝረት የታየበት ጎማ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ መቅረብ አለበት። ከሻጩ ጋር ስምምነት ካልተደረሰ ደረሰኙንና የጎማውን ፎቶግራፍ ይዞ በክፍለ ከተማው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

ከተገጠመ በኋላ

አቅም የፈቀደው ሁለት ጎማ ብቻ ከሆነ አዲሶቹ ወደ ኋላ፣ የተሻሉት አሮጌዎች ወደ ፊት ይገጠማሉ። ይህ ከልማድ ጋር የሚጋጭ ቢመስልም ምክንያት አለው፦ በእርጥብ ኩርባ የፊት ጎማ ቢንሸራተት አሽከርካሪው ፍጥነት ቀንሶ መሪውን ሊያስተካክል ይችላል፤ የኋላው ከከዳ ግን መኪናው ይዞራል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና አራቱም እኩል ጥርስ እንዲኖራቸው ይፈልጋል። አዲስ ጎማ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከማምረቻው ሻጋታ የቀረ ቅባት ስላለበት በቁልቁለት ረጋ ብሎ መንዳት ያሻል።

የአየሩ መጠን የሚነበበው በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው ከፍተኛው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም። መለኪያው ሳይነዳ በቀዘቀዘ ጎማ ላይ መሆን አለበት። ከካራ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ተሽከርካሪ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቅቃል፤ የዝቅተኛው ቦታ ከባድ አየር የመለኪያውን ንባብ በጥቂቱ ሲቀንሰው ሙቀቱ ደግሞ ይጨምረዋል። በመንገድ ላይ በሞቀ ጎማ ላይ ጭማሪ ታይቶ አየር ማስተንፈስ ስህተት ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ ሲለካ ከሚገባው በታች ሆኖ ይገኛል፤ በአየር ማነስ የሚሞቅ ጎማም የመፈንዳት አደጋ አለው።

በጥርሱ ቦይ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ድልድዮች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ የቀረው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በዳገታማ አካባቢ ይህ እስኪደርስ መጠበቅ ዘግይቶ መንቃት ነው፤ ጥርሱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ፣ በተለይ ከሰኔ በፊት፣ መለወጥ ይመከራል። ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚቀርብ ባለንብረትም ከቀጠሮው በፊት ይህንኑ ቢያይ ሁለተኛ ጉዞ ይተርፈዋል። ስኮርታው ጎማም ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለው፤ ከመኪናው ጋር የመጣና አንድም ቀን መንገድ ያልነካ ቢሆን እንኳ ዕድሜው የሚቆጠረው ከተመረተበት ሳምንት ጀምሮ ነው።